ቤዝ ላይ «ቁስለኛ ሁኚ» ተባልኩ፤ እናቴ ሟርት ነው ትላለች

የሸዋዬ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ባለፈው ስለ ታክስ ጠይቄ በደንብ ረድታችሁኛል። የዛሬው ጥያቄዬ ትንሽ ያስቃል።

ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የጦር ሰፈር ግቢ ነው የምሠራው። ወታደር አይደለሁም። ወታደሮቹና ቤተሰቦቻቸው አስቤዛ የሚገዙበት ኮሚሳሪ ውስጥ ዕቃ እደረድራለሁ። ካሸር ሲጎድል ደግሞ እዚያ እቀመጣለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ።

ባለፈው ሳምንት ሱፐርቫይዘሬ ወረቀት ይዛ መጣች። በሚቀጥለው ወር የድንገተኛ አደጋ ልምምድ አለ፣ ፍንዳታ ደርሶ ብዙ ሰው እንደተጎዳ ተደርጎ ይሠራል፣ ቁስለኛ መስሎ የሚተኛ ፈቃደኛ ይፈለጋል አለችኝ። «አንቺ በጣም ጥሩ ትሆኛለሽ» ብላ ጨመረች። ምኔን አይታ እንደሆነ እንጃ።

ፈረምኩ። ማታ ቤት ገብቼ ለእማዬ ስነግራት የያዘችውን ስኒ ቁጭ አደረገችው። «ደህና ገላሽ ላይ ቁስል ልታስቀቢ? በቁምሽ ልታሟርቺ?» አለች። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ ባነሳሁ ቁጥር ታማትባለች። እኔ ሟርቱን አልፈራሁም። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ፈርቻለሁ።

የምጠይቀው ይሄን ነው። በትክክል ምንድን ነው የሚያደርጉት? መርፌ ይወጋሉ? ልብስ ይቀድዳሉ? አንዳንዱ ሰው ጥቁር ካርድ ይሰጠዋል፣ ጥቁር የሞተ ማለት ነው ሲሉም ሰማሁ። እኔ ሞቼ መተኛት አልፈልግም። እንግሊዝኛዬም ስደነግጥ እልም ይላል። የምታውቁ ንገሩኝ።


ዊስኪ ነኝ

እትዬ፣ እንደምን ነዎት። ስሜን አይተው ሰካራም እንዳይመስልዎት። በአሜሪካ ጦር የህክምና ወታደር፣ ሜዲክ የምንለው፣ የሙያ መለያው 68 ዊስኪ ነው። እኔ በዲቪ መጥቼ በዓመቱ ጦሩን ገባሁ። ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ፣ ፎርት ሳም ሂውስተን 16 ሳምንት ተማርኩ። አሁን ወጥቻለሁ። ከእርስዎ በፊት ስንቱ «ቁስለኛ» በእጄ እንዳለፈ ልቁጠረው ብል አልችልም።

መርፌው አያሳስብዎት። ፈቃደኛ ሰው አይወጋም። መርፌ የሚያስፈልገው ነገር በአሻንጉሊት ሰው ላይ ይሠራል፤ ካልሆነም ሜዲኩ «አሁን ይሄን እሰጣለሁ» ብሎ በአፉ ተናግሮ ያልፋል። ልብስ ግን ሊቀደድ ይችላል። በመቀስ ከታች እስከ ላይ ነው የሚሰነጥቁት። የማይሳሱለትን ልብስ ይልበሱ፤ ከውስጥ ደግሞ ቁምጣ ወይም ታይት ይኑር።

ቁስሉን የሚሠሩት ሙላዥ በሚባል ሜካፕ ነው። ሰም፣ ሲሊኮን፣ ሙጫ፣ ቀለም። ደሙ ብዙ ጊዜ የበቆሎ ሽሮፕና ቀይ የምግብ ማቅለሚያ ነው። ይጣበቃል፣ ይጣፍጣል፣ ንብ ይጠራል። ሙጫ ወይም ጓንት የሚያሳክክዎት ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ። ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለብዎትም ይናገሩ፣ መድኃኒትዎን ሳይወስዱ አይሂዱ።

አንገትዎ ላይ ካርድ ያንጠለጥላሉ። ትንፋሽ በደቂቃ ስንት፣ የደም ግፊት ስንት፣ ምን ምን ይላል የሚለው እዚያ ላይ አለ። የእርስዎ ልብ በደህና ነው የሚመታው፣ ስለዚህ ሜዲኩ የእጅዎን ሥር ይዞ ሲቆጥር እውነተኛውን ቁጥር ከካርዱ ያነባል። ሳይነካዎት ካርዱን ሊያነብ ከሞከረ ግን ይደብቁት! እኛ እንዲህ ስናደርግ አስተማሪያችን ፑሽ አፕ ያሠራን ነበር።

የቀለሙ ነገር እንዲህ ነው። ብዙ ቦታ የሚሠራበት መንገድ ስታርት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1983 ካሊፎርኒያ ኒውፖርት ቢች ያለ ሆስፒታልና የከተማዋ እሳት አደጋ ናቸው ያወጡት። መጀመሪያ አንድ ሰው ይጮኻል፤ «መራመድ የምትችሉ ወደዚህ ኑ!» የሄደ ሁሉ አረንጓዴ ነው። የቀረውን አንድ በአንድ ያዩታል። የማይተነፍስ ከሆነ አንገቱን ቀና አድርገው የአየር መንገዱን ይከፍታሉ። ያን ጊዜም ካልተነፈሰ ጥቁር ነው። በደቂቃ ከ30 በላይ ከተነፈሰ ቀይ ነው፣ ማለትም እሱ ይቀድማል። ጥፍሩን ተጭነው ሲለቁት ቀለሙ እስኪመለስ ከ2 ሰከንድ በላይ ከፈጀ ቀይ ነው። «እጄን ጨብጥ» ሲሉት ካልጨበጠም ቀይ ነው። ይህን ሁሉ ካለፈ ቢጫ፣ ማለትም ጥቂት ይጠብቃል። ለአንድ ሰው የሚሰጠው ጊዜ ከደቂቃ በታች ነው። ለማልቀስም ለማዘንም ጊዜ የለም፣ ሰዓቱን የሚያዘው አንድ ጥያቄ ነው፦ ማን ይቀድማል?

ጥቁር ካልፈለጉ ለአስተባባሪው ይንገሩ። ሌላ ቦታ ይሰጡዎታል። ማንም አይገረምም፤ አበሻ ብቻ መሰለዎት ሟርት የሚፈራው? እኔ ጋ አንድ ከሉዊዚያና የመጣ ልጅ ጥቁር ካርድ አልነካም ብሎ ድርቅ ብሎ ነበር።

እንግሊዝኛውን ደግሞ ይርሱት። እንዲያውም አስተባባሪውን «በአማርኛ ብቻ ልጩህ?» ብለው ይጠይቁት። በእውነተኛው ቀን ግማሹ ቁስለኛ የሚናገረው አይገባም፣ ቋንቋ ባይለይም እንኳ። ለሜዲኮቹ ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም።

ሁለት ነገር በቃልዎ ይያዙ። ልምምዱ ሲጀመር በድምፅ ማጉያ «ኤክሰርሳይዝ፣ ኤክሰርሳይዝ፣ ኤክሰርሳይዝ» ይላሉ። እርስዎን በእውነት ካመመዎት ደግሞ «ሪል ወርልድ» ብለው ይጩሁ። በእውነት ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። እንግሊዝኛ ቢጠፋዎትም እነዚህ ሁለት ቃላት እንዳይጠፉ።


አቤል ቨርጂኒያ

እትዬን ማስፈራራቴ አይደለም፣ ግን ይሄ ነገር ቲያትር ነው። ካሜራ ይመጣል፣ አለቆች ይጨባበጣሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ የኛ ታክስ ይበላል። ደግሞ ጊዜዎን በነፃ ነው የሚወስዱት?


ሲስተር የማታ ሽፍት

ክፍያውን በተመለከተ አቤል ልክ ነው። እህቴ፣ ሰዓቱ ከሥራሽ ይቆጠር እንደሆነ ሱፐርቫይዘርሽን በጽሑፍ ጠይቂያት። ወለል ላይ ወድቀሽ የምትውይበትን ቀን ከዕረፍትሽ እንዳይቆርጡት።

ቲያትር ነው ያልከው ላይ ግን አልስማማም፣ አቤል። እኔ ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው። ዲሲ አካባቢ የምንኖር ሰዎች መቼም እ.ኤ.አ. 2013ን አንረሳም፣ ኔቪ ያርድ የሚባለው የባሕር ኃይል ግቢ 12 ሰው በጥይት የሞተበትን። ፔንታጎንንም አስታውስ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2000 እዚያው ሕንፃ ውስጥ፣ የመንገደኛ አውሮፕላን ፔንታጎን ላይ ቢወድቅ ምን እናደርጋለን ብለው በሞዴል፣ በጠረጴዛ ላይ ተለማምደው ነበር። ዓመት ሳይሞላ መስከረም 11 መጣ። ሕንፃው ውስጥ 125፣ አውሮፕላኑ ላይ ከጠላፊዎቹ ሌላ 59 ሰው ሞተ። የተረፈው ሁሉ በልምምዱ ተረፈ አልልም። ግን በር የት እንደሆነ፣ ቁስለኛ የት እንደሚሰበሰብ፣ ማን ለማን እንደሚደውል ቀድሞ ያሰበ ሰው እዚያ ነበረ።

ልምምድ ራሱ አደጋ የለውም ማለቴም አይደለም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2016 እዚሁ ሜሪላንድ ያለው አንድሩስ ቤዝ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ነበር። ታጣቂ ገባ ተብሎ። ለካ ያን ቀን የታጣቂ ልምምድ ታቅዶ ኖሯል፣ አንድ ሰው የጥበቃ አባላት ለፍተሻ መሣሪያ ይዘው ሲንቀሳቀሱ አይቶ በእውነት መስሎት ደወለ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2018 ደግሞ ኦሃዮ፣ ራይት ፓተርሰን ቤዝ ላይ ተመሳሳይ ነገር ሆነ። አንዱ ስፖርት ሲሠራ ተጎድቶ እርዳታ ጠራ። ልምምድ ሊጀመር ነበርና ወሬው ተደባለቀ። አንድ ጠባቂ ሆስፒታሉ ውስጥ የተቆለፈ በር ላይ ተኮሰ። ደግነቱ ሰው አልሞተም። ለዚህ ነው ያ «ኤክሰርሳይዝ» የሚል ጩኸት ሦስቴ የሚደጋገመው።

እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በልጅነትሽ ጦርነት ወይም ፍንዳታ አይተሻል? ካየሽ ተይው፤ ቢያንስ ጭስና ድምፅ የሌለበት ቦታ አስመድቢኝ በይ። ሰውነት ልምምድ መሆኑን አይሰማም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጭሱ ሲሸታት ብቻ ተንቀጥቅጣ ወደቀች።


አሽዶድ

እኔ እስራኤል ጦር ውስጥ ሆቬሽ ነበርኩ፣ ሜዲክ ማለት ነው። እኛ ጋ ቁስለኛ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ራሱ ወታደሩ ነው፣ እንቅልፍ ያጣ ሁሉ «እኔ ልቁሰል» ብሎ ይሻማል። ተኝቶ ይነሳላ።

ለእትዬ አንድ ምክር ብቻ። ቀይ ከሆኑ መጀመሪያ ይጩሁ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ዝም ይበሉ። የሚጮኸው ቁስለኛ ይተነፍሳል፣ የአየር መንገዱ ክፍት ነው። ጀማሪ ሜዲክ ግን ወደ ጩኸት ነው የሚሮጠው። ጥግ ላይ ዝም ያለው ይሞታል። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ልምምዴ እጁን ለተቧጠጠ ልጅ ፋሻ ስጠቀልል ጀርባዬ ላይ ሁለት «ሞቱብኝ»። እስካሁን ይቀልዱብኛል።


የሸዋዬ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንቺ ሲስተር፣ የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ አይቻለሁ። ግንቦት 1983 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ በገባ በሳምንቱ የጥይት ግምጃ ቤት ሲፈነዳ የ14 ዓመት ልጅ ነበርኩ። የጎረቤታችንን ልጅ በበር ሳንቃ ላይ አስተኝተው ሲሮጡ አይቻለሁ። ደሙ ከሳንቃው ጠርዝ ይንጠባጠብ ነበር። ተሸካሚዎቹ አራት ሰዎች ናቸው፣ ሁሉም ይጮኻሉ፣ አንድም እግሩን ያሰረለት የለም። ነጠላ የለበሱ ሴቶች በመንገዱ ላይ ሞልተው ነበር። ነጠላ እንኳን ቀድዶ ማሰር እንደሚቻል ማን ነግሮን።

ለዚህ ይመስለኛል ሳላስብ የፈረምኩት። ልሂድ ወይስ ልቅር?


ዊስኪ ነኝ

እትዬ፣ እኔ ልወስንልዎት አልችልም። የሲስተርን ነገር ልብ ይበሉ፤ መሐል ላይ ቢከብድዎት ተነስቶ መሄድ መብትዎ ነው።

ስለ ልጁ ያሉት ግን ትምህርቱ ሁሉ የተሠራበት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጦር ሐኪሞች ጥናት ከ2001 እስከ 2011 በውጊያ የሞቱ 4,596 ወታደሮችን መዝገብ አገላብጦ ነበር። ሆስፒታል ሳይደርሱ ከሞቱት መካከል መትረፍ ይችሉ ነበር ተብለው ከተለዩት ከ10ሩ 9ኙን የገደለው የደም መፍሰስ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሜዲክ ሲማር ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ደም፣ ቀጥሎ የአየር መንገድ፣ ትንፋሽ፣ የደም ዝውውር፣ መጨረሻ ብርድ ነው። ጭን ላይ ትልቁ የደም ሥር ከተቆረጠ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ማሰሪያው፣ ቱርኒኬት የምንለው፣ ከቁስሉ በላይ ይታሰራል፣ ዘንጉ ደሙ እስኪቆም ይጠመዘዛል፣ የታሰረበት ሰዓት ይጻፋል። እርስዎ ላይ እስከ መጨረሻ አያጠብቁትም። ካመመዎት ይናገሩ።

መጨረሻ ላይ ያለችውን ብርድን ሁሉም ይረሳታል። ደም የፈሰሰው ሰው ሲበርደው ደሙ መርጋት ያቅተዋል። በበጋም ቢሆን መሸፈን አለበት። ሲሄዱ ይሄን ይታዘቡልኝ።


የሸዋዬ ልጅ

ሄድኩ!!! ትናንት ነበር። ዛሬ ዕረፍት ነኝ፣ ቁጭ ብዬ ልንገራችሁ።

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው የጠሩን፣ ጂም ቤቱ ውስጥ። ማስቲካ የምታኝክ ልጅ ግራ ጭኔ ላይ ሠላሳ ደቂቃ ያህል ሠራችብኝ። የፕላስቲክ አጥንት አጣበቀች። ከዚያ ቀጭን ቱቦ በሱሪዬ ውስጥ አሳልፋ መጭመቂያውን እጄ ላይ ሰጠችኝ። ስጨምቀው ደሙ ፊጭ ይላል። «ሲመጡ ጭመቂው፣ በደንብ ሲያስሩሽ አቁሚ» አለችኝ። ካርዴ ላይ «ሴት፣ ወደ 50 ዓመት፣ ግራ ጭን፣ ብዙ ደም፣ እንግሊዝኛ አትናገርም» ይላል። 50 አልሞላኝም፣ እሱን ተናግሬያለሁ።

ከዚያ ውጭ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ሲሚንቶ ላይ አስተኙን። ድምፅ ማጉያው ሦስቴ ጮኸ። ጭስ ለቀቁ። ልቤ ዘለለ፣ አልዋሽም፣ ያ ሳንቃ መጣብኝ። ግን ጭሱ ጣፋጭ ነገር ነው የሚሸተው፣ የሠርግ አዳራሽ ጭስ። እሱ አዳነኝ። ባሩድ ቢሸት ኖሮ ተነስቼ ነበር።

«ኧረ የሰው ያለህ!» ብዬ ጀመርኩ። መጀመሪያ አፈርኩ። ሁለተኛው ላይ ድምፄ ራሱ ወጣ። «እግሬን! ኧረ እግሬን! ወገን ድረሱልኝ!» አጠገቤ የተኛው አረንጓዴ ልጅ እንደ ሰመመን ሆኖ ያየኛል። መራመድ የምትችሉ ተነሱ ሲባል እንኳን ተነስቶ ወደ ኋላ እያየኝ ነው የሄደው።

አንድ ፊቱ ብጉር የሞላ ልጅ ሮጦ መጣ። እጁ ይፈጥናል! ጉልበቱን ብሽሽቴ ላይ ተጭኖ ማሰሪያውን አወጣ፣ አሰረ፣ ጠመዘዘ። እኔም መጭመቂያውን ተውኩ። በፈረንጅ ሰዓት 9:42 ብሎ ማሰሪያው ላይ ጻፈ። ቀይ ካርድ አሰረልኝና ወደ ሌላው ሮጠ። ዓይኔን አላየኝም። አንድ ቃል አልተነፈሰም። እንግሊዝኛ አትችልም ስለተባለ ይመስለኛል።

ከዚያ መጠበቅ። ከግማሽ ሰዓት በላይ። ሲሚንቶው ብርዱ ወደ አጥንት ይገባል። ዊስኪ ልጄ፣ ያልከው ደረሰ፤ የሸፈነኝ የለም። ብርድ ልብሱ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ተቆልሏል፣ አየዋለሁ። ደግሞ ዝም በይ ያልከኝን አስታውሼ ዝም አልኩ፣ አሽዶድ። ዝም ስል በቃ ጨርሶ ረሱኝ።

ጥበቃ ላይ የቆመ አንድ ወጣት አየር ኃይል ነበር። ጠይም፣ ረጅም። እየደጋገመ ያየኛል። በኋላ ጎንበስ አለና በሹክሹክታ «አይዞዎት እማማ» አይለኝም! እንባዬ መጣ። በልምምድ! ከዚያ ዞሮ ሰሌዳ የያዘችውን መርማሪ «ቋንቋዋን እችላለሁ፣ ላስተርጉም?» ብሎ ጠየቃት። «አንተ ጥበቃ ነህ፣ ወደ ቦታህ» አለችው። ደም ፈሶኝ ልሞት የደረስኩ ሴት፣ ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነከስኩ።

ቃሬዛ ሲመጣ ከፊት የያዘው ልጅ እግሩ ዞረበት። እኔን ሊጥለኝ ነበር። «ሪል ወርልድ!» ተባለ፣ አገሩ ቀጥ አለ። እውነተኛ በረዶ መጣለት፣ ቁርጭምጭሚቱ አበጠ። እሱን በመኪና ወሰዱት፣ እኔ በቃሬዛ ቀጠልኩ። ሹፌሩ ራሱ ለማን እንደሚያዝን ግራ ገብቶት ነበር።

ሲያልቅ አዳራሽ ውስጥ ሰብስበው ሆት ዋሽ የሚሉትን ግምገማ አደረጉ። አለቆቹ ስለ ሬዲዮ ብዙ አወሩ፣ ሰዓት ፈጀ፣ ምሳ ሳንድዊች ነው። ከዚያ ቁስለኞችን የምትሉት አለ ወይ ሲሉ እጄን አወጣሁ። በእንግሊዝኛዬ፣ አልጠፋብኝም፣ ሁለት ነገር ተናገርኩ። በረደኝ አልኩ። ያ ልጅ ጥሩ አሰረኝ፣ ግን አላናገረኝም አልኩ። ቋንቋ ባልችልም በድምፁ አውቅ ነበር አልኩ። ባለሰሌዳዋ ጻፈችው። ብጉራሙ ልጅ በር ላይ ጠብቆኝ ይቅርታ ጠየቀኝ። «አይዞህ» የሚለውን አስተማርኩት፣ «አይዞሽ» ለሴት መሆኑን ግን ይረሳዋል።

አሁን ወደ እማዬ። ቤት ስገባ ጭኔን አጥቤ ነበር፣ የሹራቤን እጅጌ ግን ረሳሁት። ገና በር ስከፍት አየችውና ኡኡ አለች። የምሄድበትን እያወቀች! ስኳር ነው፣ ቅመሺው ብላት አትሰማም። ጠበል ረጨችኝ። ማታ ደግሞ ቀስ ብላ «ምን ቀለም ሰጡሽ?» አለችኝ። ቀይ ነው ስላት ትንሽ አሰበችና «እሱስ ደህና ነው፣ ያክሙሻል» አለች።

ዊስኪ ልጄ፣ ሹራቡ ነጭ ነው። በምን ይለቃል?


ዊስኪ ነኝ

እትዬ፣ ሙቅ ውሃ እንዳይነካው፣ ማድረቂያ ማሽን ውስጥም አይግባ፣ ቀለሙን ያጸናዋል። በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፈው የሳህን ሳሙናና ትንሽ ነጭ ኮምጣጤ ይጨምሩበት። ሮዝ ሆኖ ከቀረ ግን ያስቀምጡት፤ ለሚቀጥለው ልምምድ ይሆናል።